ለጀናዛ የሰጠነውን ክብር ለሕያው አረጋዊ ለምን ነፈግነው?

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ መመረቅ በአገራችን የተለመደ ነው። ምርቃቱ ሁለቱን ቃላት አጣምሮ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው በዕድሜው ማምሻ ላይ ከሰው የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ሲደክም የሚጦረው፣ ሲሞት የሚቀብረው። እኛ የከተማ ሙስሊሞች በሁለተኛው እምብዛም የምንታማ አይደለንም። ከመካከላችን አንድ ሰው ሲሞት ዕድሩ ይሰማል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ጀናዛ ማጠብ የሚያውቅ ሰው ይጠራል፣ ከፈን ይገዛል፣ ከተሰገደበት በኋላም ሳይዘገይ ወደ ቀብር ይሸኛል። ማን ምን እንደሚሠራና በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚሠራ የታወቀ ነው። ሰውየው ከመሞቱ በፊት በነበሩት አምስት ወይም አሥር ዓመታት ግን ማን እንዳጠበው፣ እንዴት እንዳጠበው፣ ሲታጠብ በሩ ተዘግቶ ይሁን ተከፍቶ የጠየቀ የለም። ለመቅበሩ ሥርዓት አበጅተንለታል፤ መጦሩን ግን ለዕድል ትተነዋል።

ይህ ጽሑፍ የሚያነሳው በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ውስጥ ስለሚደረገው የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው። ምግብና መኝታ ማቅረብ አንድ ነገር ነው። ለመብላት፣ ለመልበስና ለመጸዳዳት የሌላ ሰው እጅ የሚያስፈልገው ሰው ክብሩ ሳይነካ እንዲኖር ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በገንዘብ ይገኛል። ሁለተኛውስ በምን ይገኛል?

ጉዳዩ የሌሎች ብቻ ነውን?

ገና ከጅምሩ «ይህ የምዕራባውያን ችግር ነው፤ ሙስሊም ወላጁን መጦሪያ ቤት አይጥልም» የሚል አይጠፋም። የንግግሩ መነሻ መልካም ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል ኢስራእ (17፡23-24) እርሱን ብቻ ከመገዛት ትእዛዝ አስከትሎ ለወላጅ በጎ መዋልን አዟል፤ ወላጅ በልጁ ዘንድ እያለ እርጅና ቢደርስበት ልጁ የመሰልቸት ድምፅ እንኳ እንዳያሰማው ከልክሏል። የአገራችን የቤተሰብ ሕግም (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በወላጅና በልጅ መካከል የቀለብ ግዴታ እንዳለ ደንግጓል። ስለዚህ የመጀመሪያው ባለ ዕዳ ልጅ መሆኑ አያከራክርም። አቅም እያለው ከመሰልቸት ብቻ ወላጁን ገፍቶ የሚያስወጣ ልጅ በዚህ ጽሑፍ ምክንያት አያገኝም።

ነገር ግን ልጅ ያልወለደ አለ። ልጆቹ ከእርሱ ቀድመው የሞቱበት አለ። ልጆቹ ጅዳ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆነው ገንዘብ ከመላክ በቀር እጃቸውን ሊልኩለት ያልቻሉ አለ። ባልና ሚስት ሁለቱም ጠዋት ለሥራ ወጥተው ማታ በሚመለሱበት ቤት፣ አእምሮው የተናጋ አባት በሩን ከፍቶ ወጥቶ እንዳይጠፋ ተቆልፎበት የሚውልበት ኮንዶሚኒየምም አለ። በአዲስ አበባ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ተቀብሎ የሚያኖረው ችግሩ የእኛም ስለሆነ ነው።

ደግሞስ ደካሞችን ሰብስቦ መርዳት ለእስልምና ታሪክ እንግዳ ነገር ነውን? የኡመውያው ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ (እ.ኤ.አ. 705-715) ለእያንዳንዱ ዓይነ ስውር መሪ፣ መነሳት ለማይችለው ሁሉ አገልጋይ መመደቡን የታሪክ ጸሐፊው ጦበሪ ዘግቧል። በኢስታንቡል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1896 በዑስማንያው ሱልጣን ዐብዱልሐሚድ 2ኛ ዘመን የተከፈተው «ዳሩልዐጀዛ» የተባለው የደካሞች ቤት እስከ ዛሬ አለ። በግቢው ውስጥ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያንና ምኩራብ ጎን ለጎን ተሠርተውበታል፤ የደከመ ሰው ቢደክምም አምልኮው አብሮት ይኖራል ማለት ነው። እንግዲህ ቤቱ በራሱ ነውር አይደለም። ነውር ሊሆን የሚችለው በቤቱ ውስጥ የሚደረገው ነው።

ደግሞም መጦሪያ ቤት ማለት ታፔላ የተሰቀለበት ግቢ ብቻ አይደለም። እናታችንን ጠዋት ለሠራተኛ አስረክበን ከወጣን፣ ያች ክፍል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አንዲት መጦሪያ ቤት ናት። በሌላ በኩል በአሜሪካ መጦሪያ ቤቶች ውስጥ የሌላውን ሕዝብ አረጋውያን እያጠቡና እያጎረሱ የሚያድሩ ኢትዮጵያውያን ወንድሞችና እህቶች ብዙ ናቸው። የሚሠሩት ሥራ ከተቀደሱት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ግን ስንቶቻችን ነግረናቸው እናውቃለን?

ክብር ስሜት ነው ወይስ ሐቅ?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አንዳንድ ሰዎች ክብርን ከስሜት ጋር ያያይዙታል። እንደ እነርሱ አስተሳሰብ ሰው የሚዋረደው ውርደቱ ሲሰማው ነው። አእምሮው ንቁ የሆነ አረጋዊ ገላው በሰው ፊት ቢገለጥ ያፍራል፤ ስለዚህ ልንጠነቀቅለት ይገባል። የልጆቹን ስም የረሳ፣ ቀንና ሌሊት የተምታታበት፣ መራቆቱን የማያስተውል ሰውስ? እርሱ ካላፈረ ማን ተጎዳ? ሠራተኛው በሩን ሳይዘጋ ቢያጥበው፣ እፊቱ ስለ እርሱ ቢቀለድ ምን ጎደለበት?

ይህ አነጋገር በአደባባይ አይነገር ይሆናል፤ በተግባር ግን በየቤቱ ይሠራበታል። «እሳቸው እንደሆነ አያውቁም» የሚለው ቃል የስንት አረጋዊ በር እንዳስከፈተ አላህ ይወቀው።

መልሱን እጃችን ላይ ካለው ነገር እንፈልገው። ጀናዛ ስናጥብ ምን እናደርጋለን? ቦታውን እንከልላለን። ለሥራው የማያስፈልግ ሰው እንዳይገባ እናደርጋለን። ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለውን በጨርቅ እንሸፍናለን። ዐውራውን የሚያጥብ ሰው በእጁ ላይ ጨርቅ ይጠቀልላል እንጂ በባዶ እጁ አይነካም። ሆዱን ስንጫን በቀስታ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ዘይነብ ስትታጠብ ለሴቶቹ በተሰጠው መመሪያ መሠረት ከቀኝ በኩልና ከዉዱእ አካላት እንጀምራለን። ከባልና ከሚስት በቀር ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ያጥባል። አጣቢው በአካሉ ላይ ያየውን ነውር ለማንም አይናገርም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የራሳቸው ገላ የታጠበው ልብሳቸው ሳይወልቅ መሆኑን እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለማን ነው? አያይም፣ አያፍርም፣ አያማርርም ለምንለው አካል ነው። ከዚህም አልፎ የሙት አጥንት መስበር የሕያውን አጥንት እንደ መስበር መሆኑ በአቡ ዳውድ በተዘገበ ሐዲስ ተነግሮናል። እንግዲህ ሸሪዓችን የሰውን ክብር በስሜቱ ላይ አልገነባውም ማለት ነው። በሱረቱል ኢስራእ (17፡70) እንደተገለጸው የአደምን ልጆች ያከበረው አላህ ነው። ያከበረው እርሱ ከሆነ ክብሩ ሐቅ ነው፤ ባለቤቱ ስለረሳው የማይሰረዝ፣ ጠባቂው ስለሰለቸው የማይቀር ዕዳ ነው። ያበደረ ሰው ያበደረውን ቢረሳ ከተበዳሪው ላይ ዕዳው ይወርዳልን?

ክርክሩን ወደ ራሳችን እንመልሰው። መተንፈስ ያቆመውን ሰው ሸፍነን የምናጥብ ከሆነ፣ የሚተነፍሰውን ገልጠን የምናጥብበት ምክንያት ምንድን ነው? ለጀናዛው ጨርቅ ያልጠፋበት ቤት ለሕያው ፎጣ እንዴት ይጠፋበታል?

በሩ

አረጋዊን መንከባከብ የሚጀምረው ከበሩ ላይ ነው። በሱረቱ-ን-ኑር (24፡58) ላይ ብዙዎቻችን ቸል የምንለው አንድ ድንጋጌ አለ። በቤት ውስጥ የሚያገለግሉ ሰዎችና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በሦስት ጊዜያት ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዳይገቡ ያዛል፤ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ሰዓት እና ከዒሻእ ሶላት በኋላ። አንቀጹ የእነዚህን ሰዎች ሁኔታ አልዘነጋም። በመካከላችን ዘወትር የሚመላለሱ መሆናቸውን ጠቅሶ በሌላው ጊዜ አቅልሎላቸዋል። በሦስቱ ጊዜያት ግን አገልጋይም ቢሆን፣ የሚገባውም ለሥራ ቢሆን፣ ፈቃድ ይጠይቃል።

ይህ ድንጋጌ ለመጦሪያ ቤት የወጣ ይመስላል። ተንከባካቢ በቀን ደጋግሞ የሚገባና የሚወጣ ሰው ነው። አረጋዊው ደግሞ የሚለብስባት፣ የሚገላለጥባትና የሚያርፍባት ሰዓት አለችው። ሁለት ጊዜ በሩን ቆርቆር አድርጎ፣ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ልግባ?» ብሎ ትንሽ መጠበቅ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? መልስ መስጠት ለማይችለው ሰው እንኳ ሰላምታው አይቅርበት። ሰላምታው ገቢውንም ያስታውሰዋል፤ የሚገባው ወደ ዕቃ ማከማቻ ሳይሆን ወደ ሰው መኖሪያ መሆኑን።

ብዙ አልጋ ባለበት ሰፊ ክፍል ውስጥ በር የለም ይባል ይሆናል። መጋረጃ ግን አለ። መጋረጃ ከሌለ ገመድና አንሶላ አይጠፋም። ለጀናዛ ግቢ ውስጥ ከልለን የምናጥብ ሰዎች ይህን ለመሥራት መሐንዲስ አያስፈልገንም።

ፎጣው

ገላ ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ፖፖ ማቅረብና ማንሳት የእንክብካቤው ከባድ ክፍል ነው። ሰው ከሁሉ በላይ የሚሸማቀቀው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ከጀናዛ አጠባ የምናውቀውን እንዳለ ወደዚህ እናምጣው። የሚታጠበው አካል ብቻ ይገለጥ፤ ሌላው በፎጣ ወይም በሽርጥ ይሸፈን። ውሃው ሰውየውን ከመንካቱ በፊት በእጅ ይለካ። ከመንካት በፊት «አሁን ጀርባዎን ላጥብ ነው» ይባል። እጁን ማንቀሳቀስ የሚችል ሰው ፎጣው ይሰጠውና ዐውራውን ራሱ ይጠብ፤ ትንሽ ቢዘገይም እርሱ የቻለውን እኛ አንቀማው። በተቻለ መጠን ወንድን ወንድ፣ ሴትን ሴት ትንከባከብ። ካልተቻለ ዶሩራ ነው፤ ዶሩራ ደግሞ በልኩ ነው የሚለካው። ለማጽዳት የሚያስፈልገውን ያህል ማየትና መንካት የተፈቀደው ለማጽዳት ብቻ ነው እንጂ በሩን ከፍቶ ለመተው አይደለም።

ከዚያም በኋላ ያየነውን መሸሸግ አለ። የእማማ እገሌ አልጋ ማደሩን እየረጠበ ነው የሚለው ወሬ ከክፍሏ ወጥቶ ኩሽና ውስጥ መሳቂያ ሲሆን፣ ለሐኪም ሊነገር የሚገባው ምስጢር ሐሜት ሆነ ማለት ነው። የጀናዛ አጣቢ ቢያወራ የምንቆጣውን ያህል እዚህም ልንቆጣ ይገባል።

ከንጽሕና ጋር ሶላት ይያያዛል። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) በሕመማቸው ጊዜ ስለ ሶላት ሲጠይቁ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ካልቻሉ በጎናቸው ተኝተው እንዲሰግዱ መክረዋቸዋል፤ ይህን ቡኻሪ ዘግበውታል። ስልሳ ዓመት የሰገደ ሰው ዛሬ ዉዱእ ለማድረግ ማንቆርቆሪያ የሚያቀርብለት፣ ውሃ ቢጎዳው ለተየሙም አፈር የሚያመጣለት፣ አልጋውን ወደ ቂብላ የሚያዞርለት ሰው በማጣቱ ብቻ ሶላቱ ቢያልፈው የተወሰደበት ምን ያህል ነው? የሶላቱን ሰዓት መንገር፣ ኮፊያውን ወይም ሻሿን ማቀበል የእንክብካቤው ክፍል ነው። የሌላ እምነት ተከታይ የሆነው አረጋዊም ለጸሎቱ እንዲሁ ሊደረግለት ይገባል፤ የዳሩልዐጀዛ ግቢ ያስተማረን ይህንኑ ነው።

ቃሉ

አማርኛችን ለአክብሮት የተለየ በር አለው፤ «አንቱ» እና «እርስዎ» እንላለን። ሰው ሲደክም ይህ በር ሲዘጋበት እናያለን። ትናንት «ሐጂ፣ እንዴት አደሩ?» ይባሉ የነበሩት አባት አልጋ ላይ ሲውሉ «ተነስ፣ ብላ፣ ዙር» ይባላሉ። ሌላው ደግሞ ክፋት ሳይኖርበት፣ ያፈቀረ መስሎት፣ የሰማንያ ዓመት እናት በሕፃን ቋንቋ ያባብላል። ሁለት ሰዎች አልጋው ግራና ቀኝ ቆመው የተኛው ሰው እንደሌለ ሁሉ ስለ እርሱ ያወራሉ። ቶም ኪትውድ የተባለው እንግሊዛዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው መጽሐፍ የአእምሮ መሳት ያለባቸውን አረጋውያን የሚጎዳው ሕመሙ ብቻ ሳይሆን እንዲህ ያለው አያያዝ ጭምር መሆኑን፣ ይህም ብዙ ጊዜ ያለ ክፉ ሐሳብ እንደሚፈጸም አስረድቷል።

ቁርኣን የመሰልቸትን ትንፋሽ እንኳ ሲከለክል ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ ከልክሏል። ክልከላው በወላጅ ላይ ቢሆንም አዳቡ ከወላጅ አልፎ ይሄዳል፤ ለታናናሾች የማያዝንና የታላላቆችን ሐቅ የማያውቅ ከእኛ አይደለም የተባለው በዝምድና ሳይገደብ ነው።

የመካ መከፈት ጊዜ የሆነውን እናስታውስ። አቡበክር (ረ.ዐ.) ዓይናቸው የጠፋውን አዛውንት አባታቸውን አቡ ቁሓፋን እየመሩ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አመጧቸው። ነቢዩም አዛውንቱን በቤታቸው ትተዋቸው እኔ ራሴ በመጣሁ ነበር የሚል ቃል ነው የተናገሩት። አቡ ቁሓፋ ያን ሰዓት ገና እስልምናን አልተቀበሉም። ነቢዩ ደግሞ በድል አድራጊነት ወደ መካ የገቡበት ቀን ነበር። ታዲያ በእንዲህ ያለ ቀን ለአንድ ያልሰለሙ ሽማግሌ እግር ከታሰበ፣ እኛ በተራ ቀናችን ለማሰብ ምን አነሰን?

ገንዘብና ሕግ የሚያደርጉት

ይህ ሁሉ ሲነገር የመጦሪያ ቤት ሠራተኞች «እኛ ሁለት ነን፣ እነርሱ ሠላሳ ናቸው» ቢሉ እውነት አላቸው። በር ለማንኳኳትና ፎጣ ለመደረብ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዝግ ብሎ ለማጉረስና የሚሽኮረመመውን ሰው አግባብቶ ለማጠብ ግን ጊዜ ያስፈልጋል። ጊዜ ደግሞ የሰው ቁጥር ነው፤ የሰው ቁጥርም ገንዘብ ነው። ለአንዲት ልጅ ሥልጠና ሳንሰጣት፣ እንቅልፍ ነስተናት፣ ደመወዟን አዘግይተን «ለምን ተቆጣሽ?» ማለት ፍትሕ አይደለም። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል የታዘዘበት ሃይማኖት የአረጋዊውን ክብር ከተንከባካቢዋ ክብር ነጥሎ አያየውም። የተናቀ እጅ ሌላውን ማክበር ይከብደዋል።

ሀብት ብቻውንም አይበቃም። በአሜሪካ አረጋውያንን በአልጋና በወንበር ላይ ማሰር የተለመደ ሆኖ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1987 የመጦሪያ ቤቶች ማሻሻያ ሕግ ወጣ። ሕጉ ለቅጣት ወይም ለሠራተኛ ምቾት ሲባል ሰውን ማሰርንና በመድኃኒት ማደንዘዝን ከለከለ፤ ረዳት ተንከባካቢዎችም ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና እንዲያገኙ አስገደደ። ሕግ ጠቃሚ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። በእኛም አገር የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይላል። ይሁንና ሕግ ሌሊት በስምንት ሰዓት በአልጋው አጠገብ አይቆምም። በዚያ ሰዓት የሚቆመው ሰውና አላህን የሚፈራ ልቡ ብቻ ነው።

ካሜራው

በመጨረሻ ስለ ሰደቃችን አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ ለአረጋውያን እርዳታ ሲሰበሰብ ቁስላቸው፣ የተቀደደ ልብሳቸውና የተራቆተ ገላቸው በስልክ ተቀርጾ ለሕዝብ ይበተናል። ታጥበው ከለበሱ በኋላ ደግሞ «በፊትና አሁን» ተብሎ ይታያል። ገንዘብ እንደሚያመጣ አይካድም። ነገር ግን አረጋዊውን ማን አስፈቀደው? ፈቃድ መስጠት የማይችለውንስ ሰው ማን ወክሎለት ፈቀደ? አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ (2፡264) ሰደቃን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። የሰውን ዐውራ ከፍቶ የተሰበሰበ ብር ዐውራውን የሚሸፍን ጨርቅ ቢገዛበት ሒሳቡ እንዴት ይታያል?

ዑመር (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን በሌሊት ወደ አንድ ቤት ሲገቡ ጦልሐ (ረ.ዐ.) አይተዋቸው፣ ነግቶ ወደዚያ ቤት ቢሄዱ መነሳት የማትችል ዓይነ ስውር አሮጊት እንዳገኙ ይነገራል። ያ ሰው የሚያስፈልጋትን እንደሚያመጣላትና ቆሻሻዋን እንደሚያወጣላት ነበር የነገረቻቸው። ያ ሁሉ የሆነው በጨለማ ነበር። የምእመናን መሪ ቆሻሻ ለማንሳት አልተጠየፈም፤ ማንሳቱንም ለማንም አላወራም።

እንግዲህ ወንድሞችና እህቶች፣ ምን እናድርግ? በየመስጊዱ የጀናዛ አጠባ ትምህርት እንደሚሰጥ ሁሉ፣ ደካማን በክብር ስለ ማጠብ፣ ስለ ማንሳትና ስለ ማጉረስ ትምህርት ይሰጥ። ኢማሞቻችን በኹጥባቸው ያንሱት፤ ነርሶቻችን ያስተምሩት። ዕድሮቻችን ለቀብር ከሚያዋጡት ላይ ጥቂቱን በሕይወት ላለው አባል ተንከባካቢ መቅጠሪያ ያድርጉት። በመጦሪያ ቤት ያለ ሙስሊም በወር አንዴ የሚጠይቀው፣ ጥፍሩን የሚቆርጥለት፣ ለጁሙዓ የሚወስደው የሰፈሩ ጀማዓ ይኑረው። ወላጁን ለሠራተኛ ትቶ የሚወጣ ልጅም ሲመለስ «በላች ወይ?» ብሎ ብቻ አይለፍ፤ «ስትታጠብ በሩ ተዘግቶ ነበር ወይ?» ብሎ ይጠይቅ።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መጨረሻው የድካም ዕድሜ ከመመለስ በአላህ ይጠበቁ ነበር። እኛም ይህን ዱዓ እናድርግ። ከእኛ ማን ወደዚያ ዕድሜ እንደሚደርስ ግን አናውቅም፤ የደረሰ ሰው በሩን የሚያንኳኳለት እንዲያገኝ ዛሬ ማንኳኳትን ማስተማር ያለብን እኛው ነን።

ወላሁ አዕለም።